ሥራ ማቆም

የከተማው ስም ደማም ነው።
በእኛ አፍ ቆንጆ ማለት ነው፣ ደም ግባት ያለው፤
በእነርሱ ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።
አራተኛ ፎቅ፣ የቃጠሎ ክፍል፣ ወለል እወለውላለሁ።
ሐበሻ ሲመጣ ደግሞ መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ
ምላስ እሆናለሁ።

ሉባባን ያመጧት ሰኞ ነው፣ ከዙህር በኋላ።
ሲሊንደር ነው አሉ።
አንድ ሰላምታ ያህል እንኳ አልቆየም አሉ፣ ነዶ ጠፋ።
ከመቶ ስልሳ ሁለት ብለው ጻፉ፤
ሰው እንደ ፈተና በመቶኛ ሲታረም ያየሁት እዚያ ነው።

ታወራ ነበር። ይኸው ነው ያታለለኝ።
«ያምሻል ወይ በያት» አለኝ ዶክተሩ።
«እጄን ይለበልበኛል፤ ደረቴን ግን ምንም» አለች።
እኔ ተመስገን ልል ስል
ሲስተር ሺጂ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።
ኋላ ነው የነገረችኝ፤
ያላመማት ቦታ ሕመም ተቀባዩ ራሱ የነደደበት ነው።
ዝም ያለ ሥጋ ሁሉ የዳነ አይደለም።

ከዚያ ውሃው።
ሌሊቱን ሙሉ በደም ሥሯ ሲያንቆረቁሩላት አደሩ፤
ቆዳ ለካ ግድግዳ ኖሯል፣
እሱ ሲፈርስ ሰው ወንፊት ይሆናል።
የገባው ይፈሳል፣ ያልፈሰሰው ያብጣል፤
ሲነጋ ፊቷ የሌላ ሰው ነበር።
የብር ቀለበቷን ከጣቷ ቆርጠው አወጡት።
በመሀረብ ጠቅልዬ ያዝኩት፤ አሁንም እኔ ጋ ነው።

በሦስተኛው ቀን ድምጿ ሻከረ።
የዋጠችው ጭስ ነው፣ ማንም ያላየው ቃጠሎ።
ቱቦ በጉሮሮዋ ሰደዱ፤
አስተርጓሚነቴ እዚያ ላይ አበቃ፣ ወደ ወለሉ ተመለስኩ።

ከአልጋዋ በታች የላስቲክ ከረጢት ተንጠልጥሏል፣
ሺጂ በየሰዓቱ ጎንበስ ብላ ታነባለች፦
ሠላሳ። ሃያ።
እንደ ሻይ የጠቆረ ስምንት።
ከዚያ ምንም።
«ፈሸል» አለ ዶክተሩ፣ የኩላሊት ፈሸል።
ለወደቀ ተማሪም፣ ለከሰረ ሱቅም ይሉታል ይህን ቃል።
እኔ «ወደቀች» አልልም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ጁምዓ እንኳ ሳታርፍ፣
ምንጣፍ ስታራግፍ፣ የሰው ልጅ ስታቅፍ፣
አንድ ቀን «ደከመኝ» ያላለች ልጅ ናት፤
ኩላሊቷ ቀድሞ ሥራ አቆመላት።

አቆመላት ልበል ወይስ አቆመባት?

በአሥራ አንደኛው ቀን ፋሻው ላይ አረንጓዴ ታየ፤
ጣፋጭ ሽታ ነበረው፣ ያደረ ወይን የሚመስል።
በፈረሰው ግድግዳ ገብቶ ደሟ ውስጥ ቤት ሠራ።
ኩላሊቱን አይቶ ጉበቱ አቆመ፤
ሳንባዋ በማሽን፣ ልቧ በመርፌ ቆመ።
አንዱ የሌላውን ድርሻ ሲሸከም፣ ሲሸከም፣
የተሸከመው ደግሞ በተራው ሲደክም፣
በአሥራ ዘጠነኛው ሌሊት
መስመሩ ቀጥ አለ።

ወንድሟ ሙሄ ከሐርቡ ደወለ።
«እሳት ነው የገደላት?»
እሳቱማ ሰኞ ዕለት ነው የጠፋ።
አዎ ብለው ይጎድላል፣ አይደለም ብለው ውሸት ነው።
ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ፦ የብዙ አካላት ፈሸል።
«ሥራ አቁመው ነው» አልኩት፣ «በየተራ።»
ዝም አለ።
«እነማን ናቸው ሥራ ያቆሙት?» አለኝ፣ ሐኪሞቹ መስለውት።
አስረዳሁት። የገባው አይመስለኝም።
«የመጨረሻ ቃሏስ?»

ቱቦው ሊገባ ሲል እጄን ይዛ ያለችኝን
ለማንም አልተረጎምኩትም ነበር፤
ማንም አልጠየቀኝማ።
«ሁለተኛው ምድጃ እንደበራ ነው» ነበር ያለችው፣
«ሩዙ ሳያር አጥፉላቸው።»